የዘይላው ሰውዬ ፎቶ

ግንቦት 20 ቀን 1976

ዛሬ ኮሚቴው ጠራኝ። እናቴ መልእክተኛውን ስታይ ሻሿን እያሰረች እስከ በር ተከተለችኝ። «ኑርቶ፣ ምን አደረግሽ?» አለች። ምንም አላደረግኩም። ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው ሰው የሚጠራው ወይ ለጉርድ ፎቶ ነው ወይ ለስብሰባ ፎቶ። እንዲህ ብያት ወጣሁ።

የጠራኝ ዋርፋ ነው። አምስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን፤ አሁን የበዓሉን ዝግጅት የሚመራው እሱ ነው። ሰው ፊት «ጓዲት ኑርቶ» አለኝ። ሰዎቹ ሲወጡ ግን «አቦ ተቀመጪ እንጂ!» አለና ወንበር ሳበልኝ።

«የሙሴ ቫሃን ሳጥኖች አሁንም አንቺ ጋ ናቸው?»

«የት ይሄዳሉ?»

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሰፊው ሕዝብ ኑሮ ትናንትና ዛሬ በፎቶ ይታያል። የዛሬው ሞልቷል፤ የትናንቱ የለም። ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ አልኩት። በድሬዳዋ ከተማ እነዚያን ፎቶ የተነሳባቸው መስታወቶች ሳይሰብር የሚያትም ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይሄ ጉራ አይደለም፣ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ይህንን የምጽፈው በአማርኛ ነው። እናቴ አማርኛ አታነብም። ባሌ ሰማታር ያነባል፣ ግን ከእግር ኳስ ውጤት የረዘመ ነገር አንብቦ አይጨርስም።

ግንቦት 23

ሳጥኖቹን ከፈትኩ።

ሙሴ ቫሃን አርመን ነበር። አባቱ በምኒልክ ጊዜ ካሜራውን በበቅሎ ጭኖ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው፤ ከተማዋ ገና ድንኳንና የሣር ጎጆ ብቻ በነበረችበት ጊዜ። መኳንንቱን የሚያነሱ ሌሎች ነበሩ። እሱ ገበያውን አነሳ። ልጁ ኋላ ድሬዳዋ መጥቶ ፎቶ ቤት ከፈተ፣ እኔን በአሥራ አምስት ዓመቴ ቀጠረኝ፣ ሥራውን ሁሉ አስተማረኝ። በስልሳ ስምንት በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ቤቱ የቀበሌ ሆኗል፣ አሁን የተከራየሁት እኔ ነኝ፤ ካሜራውንና ሳጥኖቹን ግን ለእኔ ሰጠ። «ከፀሐይና ከውሃ ጠብቂያቸው» አለ። ሌላ ነገር አላለም።

ከተመለከትኳቸው ጥቂቱ፦ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁለት ሲወርዱ። እንስራዋን አስቀምጣ እግሯን የምታይ ሴት፣ እሾህ ወግቷት መሰለኝ። ጭቃ ውስጥ የቆመ ገበያ፣ አሞሌ ጨው እንደ ግንብ የተደረደረበት። ድንጋይ የሚያቀብሉ ሰዎች፣ ረጅም ሰልፍ፣ አንዱ ወደ ካሜራው ዞሮ ሥራው ተቋርጧል። ኮረብታው ላይ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ማለት ይሄ ነበር።

አንድ መስታወት ጠርዙ ተሰነጠቀብኝ። እኔ ነኝ፤ እጄ ቸኩሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ።

ግንቦት 28

ረመዳን ገብቷል። ሙቀቱ አይነገርም። ጨለማው ክፍል ምድጃ ሆኗል። ፊልም የማጥብበት ውሃ ካልቀዘቀዘ ሽፋኑ ይላጣል፤ ስለዚህ በረዶ እየገዛሁ በባልዲ አመጣለሁ። በረዶ ሻጩ «ኑርቶ፣ ጾም ላይ ሆነሽ በረዶ ምን ያደርግልሻል?» እያለ ይስቃል። ጠረጠረኝ መሰለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ እጄን ነክሬ አንድ ጠብታ እንዳልቀመስኩ የሚመሰክርልኝ መስታወቱ ብቻ ነው።

ሰማታር ትናንት ይመጣል ተብሎ ነበር። ባቡሩ ዘግይቷል።

ሰኔ 2

ሰማታር መጣ። የባቡር ረዳት ነጂ ስለሆነ ጅቡቲ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ይመለስ ነበር፤ አሁን መንገዱ ተበላሽቷል ይላል፣ ሳምንትም ይቆያል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሰማያዊ፣ አንገትጌው በደንብ የተተኮሰ። እኔ አልገዛሁትም። ጅቡቲ ልብስ ርካሽ ነው።

ሥራዬን ላሳየው ብዬ ያተምኳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየና «የማያውቁሽን ሰዎች ይሄን ያህል ስትንከባከቢ!» አለኝ። ቀልዱን ነው። ካፈጠርን በኋላ ሳምቡሳውን በልቶ ተኛ። ይደክመዋል።

ሰኔ 11

ከዋርፋ ጋር ተጣላን። አስቂኝ ጠብ ነው፣ ስለዚህ ልጻፈው።

ከአንዲት ቅቤ ሻጭ ፎቶ ሥር «በፊውዳሉ ቀንበር ሥር የምትማቅቅ ጭቁን ሴት» የሚል ጽሑፍ አስጽፎ መጣ።

«ዋርፋ፣ እየሳቀች ነው እኮ።»

«የምታለቅስ የለችም?»

«አለች። እሷ ግን ሕፃን ናት፣ ካሜራ ፈርታ ነው።»

«እንግዲያው ሳቋን አደብዝዢው!»

«ጥርሷን ላውልቅላት?»

እሱም ሳቀ። በመጨረሻ «ቅቤ ሻጭ፣ አዲስ አበባ» ብቻ ተባለ። ዋርፋ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው። ሶማሌ ሆኖ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ።

ሰኔ 19

አንድ መስታወት ነበር፣ ቆሻሻ ስለሆነ አልፌው የነበረ። ዛሬ አጸዳሁት።

ገበያ ነው። ከበቅሎ ላይ የጨርቅ ጭነት እየወረደ ነው። ጭነቱን የሚያወርደው ሰውዬ ነጭ ጨርቅ አገልድሟል፣ ጫፉን ትከሻው ላይ ጥሏል፣ ጸጉሩ ጎፍሯል፣ ክታብ የያዘ ቆዳ አንገቱ ላይ ታስሯል። አንዲት ደገኛ ሴት ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ ታሻሸዋለች። ዋጋ እየተከራከሩ ነው፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ካሜራውን ያየው የለም።

ፎቶውን ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽር የላትም፤ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«ይሄ የኛ ሰው ነው» አለች።

«ሆዮ፣ በምን አወቅሽ?»

«አባቴ እንደዚህ ነበር የሚያገለድመው። የዘይላን መንገድ የሚሄዱት ሁሉ እንደዚህ ነበሩ። ሐረር ላይ ግመሉን ትተው በበቅሎ ይወጣሉ።» ቆይታ ደግሞ «ሲስቅ!» አለች።

ይሄ ፎቶ ይሰቀላል። ትልቁ እሱ ይሆናል።

ሰኔ 25

ዒድ አለፈ። ሰማታር ለዒድ አልመጣም። ባቡር።

ሀሊሞ መጥታ ነበር፣ በባቡሩ ከጅቡቲ ልብስ የምታመላልሰው ጎረቤታችን። ከእናቴ ጋር ጓሮ ተቀምጠው ሲያወሩ መስኮቱ ክፍት ነበር። ሰማታር ጅቡቲ ከጣቢያው ጀርባ ቤት ተከራይቷል፣ አልጋ አለው፣ መጋረጃ አለው አለች። እናቴ «ምን ዓይነት መጋረጃ?» አለች። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! «አረንጓዴ፣ ዳንቴል ያለው» አለች ሀሊሞ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

መንገደኛ ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት ያስፈልገዋል። ጅቡቲ ፀሐዩ ከእኛም ይብሳል፤ መጋረጃ የግድ ነው።

ዛሬ አራት ትልልቅ ፎቶ አተምኩ፣ ሁሉም ጥርት ያሉ።

ሐምሌ 9

የኮሚቴው ስብሰባ። ፎቶዎቹን ግድግዳው ሥር ደርድሬ ጠበቅኳቸው። ሁሉንም ወደዱ። የሰውዬው ጋ ሲደርሱ አንደኛው፣ መነጽር ያደረገው፣ ቆመ።

«ይሄ ማነው?»

«ነጋዴ ነው።»

«የምን ነጋዴ?»

«የጨርቅ። ሶማሌ ነው፣ በዘይላ መንገድ የመጣ።»

ዋርፋ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ጓዲት፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ያለቀው ትናንት ነው» አለኝ ባለ መነጽሩ። «ሰው ይሄን አይቶ ምን ይላል?»

«ፎቶው የተነሳው ከጦርነቱ ሰማንያ ዓመት በፊት ነው።»

«ቢሆንም ይውጣ።»

እኔም «እሱ ከወጣ ሁሉም ይወጣሉ። መስታወቶቹ የእኔ ናቸው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንደማይንቀጠቀጥ አውቅ ነበር።

እናስብበታለን አሉ። ያስቡበት። የትናንቱን ኑሮ ከሌላ ከየትም አያመጡትም።

በዚያው ቀን፣ በኋላ

ለምን ይሄን ያህል ጨከንኩ ብዬ ሳስብ ነበር። በስልሳ ዘጠኝ፣ ጦርነቱ ከተማው ጫፍ ሲደርስ፣ አጎቴን ዒጋልን መንገድ ላይ «አገርህ ግባ» አሉት። አገሩ ይሄው ነው። የተወለደው ከፊራ ገበያ ጀርባ ነው። በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ወጣ፤ አልተመለሰም። እናቴ ስለ ወንድሟ አታወራም። በመስኮቱ ብርሃን ፎቶውን ይዛ «ሲስቅ!» ስትል ግን ፊቷን አይቻለሁ።

ለሌላ ለምንም አይደለም።

ሐምሌ 17

ዋርፋ ከሥራ ስወጣ ጠብቆ በከዚራ ዛፎች ሥር እስከ ለገሃር ሸኘኝ። ግራ ቀኙን እያየ ነው የሚያወራው።

«ፎቶው ይሰቀል ተብሏል» አለ።

«አላልኩህም!»

«ስሚኝ። እንዲሰቀል የተፈቀደው አንቺ ባለ መነጽሩን አሸንፈሽው ሳይሆን ጊዜ ስላጠረው ነው። ስምሽን ጽፎ ይዟል። የሰማታር ይለፍ ወረቀት መስከረም ላይ ነው የሚታደሰው?»

«አዎ።»

«አይታደስለትም። ጅቡቲን ይርሳት። ይሄን ከታመነ ሰው ነው የሰማሁት። አሁንም አንድ ቃል ካልሽ፣ ፎቶውን ራስሽ ካነሳሽው ነገሩ ይበርዳል። ለባልሽ ንገሪውና ተማከሩ።»

እነግረዋለሁ አልኩት።

ሐምሌ 21

ሰማታር ለአንድ ቀን መጥቶ ሄደ። ልነግረው ነበር፤ ሲገባ ተኛ፣ ሲነሳ ቸኮለ። ምሳ ላይ ስለ ጅቡቲ ወደብ፣ ስለ ነፋሱ ያወራል፣ ፊቱ ይፈካል። እንዲህ ደስ ብሎት ሲያወራ ማቋረጥ አልፈለግኩም።

የሄደው ያለ ሰዓቱ ነው። ሸሚዞቹን ሁሉ ይዞ ሄደ። እዚያ የሚያጥብለት አለ አለኝ።

ሐምሌ 30

ሥራ። ክፈፍ የሚሠራው አናጢ አዘገየኝ። ጮህኩበት፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ነሐሴ 8

የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ጠዋት አሸዋ የነበረው ከሰዓት በኋላ ቀይ ውሃ ሆኖ፣ ዛፍ እየገለበጠ፣ አንድ ጋሪ ይዞ ወረደ። እኔ ከዚራ በኩል ቀርቼ ነበር፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ። ሰማታር ጠዋት መጥቶ ቤት ገብቷል አሉ። በወዲያኛው ዳር ከሰው መሐል አየሁት። በሸሚዙ ለየሁት። እጁን አነሳ፤ እኔም አነሳሁ።

ውሃው ይጮኻል። ብጮህም አይሰማኝም ነበር። በድልድዩ ዞሮ ለመሄድ ሩቅ ነው፣ መስታወትም ይዤ ነበር። ፎቶ ቤት ተመልሼ አደርኩ።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። ባቡሩም ሄዷል።

ነሐሴ 19

እናቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ድንገት «ለሰማታር ነገርሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዋርፋ ያለሽን። የዋርፋ እናት ነገረችኝ።»

«ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

ከዓይኗ ሥር አየችኝ። «ልጄ፣ ስንት ጊዜ መጣ?»

ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።

ጳጉሜ 1

አረፋ ነው። ሰማታር መጣ፣ ለእናቴ ሽቶ ይዞ፣ ለእኔ ጫማ። ጫማው ጠበበኝ። ቁጥሬን ረስቷል። በዓሉን ሁሉም ቤት ዞርን፤ ሰዎች «ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው?» እያሉ የሚጠይቁት እኔን ነው። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሰማታር ከኋላዬ ሲሄድ ኩራት ተሰማው መሰለኝ። መንገድ ላይ እጄን ያዘ።

ይሄን ቀን ለማበላሸት ምን የሚሉት ምክንያት አለ?

መስከረም 3 ቀን 1977

ተከፈተ!

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ከፊት፣ ባለ መነጽሩ ከጎኑ፣ ዋርፋ ከኋላ ላብ በላብ። እንግዳው እንጨት ተሸካሚዎቹን አየ፣ ጨው ነጋዴዎቹን አየ። ኮረብታው ላይ «ይሄ እንጦጦ ነው፣ ከታች ያለው ቤታችን የተሠራበት ሜዳ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየ። የሰውዬው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ከየት ነው የመጣ?» አለ።

ባለ መነጽሩ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ሶማሌ ነው ጓድ። ከባሕሩ ዳር ጨርቅ ጭኖ ነው የመጣ። ከተማዋ ስትቆረቆር እሱም እዚያ ነበር።»

ረጅም ጊዜ አየው። «ሴትዮዋ አልገዛችውም መሰለኝ» አለና ፈገግ ብሎ አለፈ። ይሄው ነው! ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ ያስፈራሩኝ።

ዋርፋ ሲያልፍ ክንዴን ጨበጥ አደረገው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

መስከረም 8

ሰው ይጎርፋል። ከመጋላ፣ ከሳቢያን፣ ከዋሂል ሳይቀር ይመጣሉ። ሴቶቹ እንደ ሠርግ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው። ሁሉንም ዞረው በመጨረሻ ሰውዬው ፊት ይሰበሰባሉ። ሽማግሌው ኩልሚዬ «ይሄ የአባቴ ወንድም ነው» አለ፣ በአላህ ስም። ዛሬ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ መጥቶ አፍንጫውን ተመልከቱ፣ የእኛ ነው አለ። ጠብ ሊነሳ ነበር። እናቴ መሐል ገብታ «የሁላችንም ይሁን፣ ምን ቸገራችሁ?» ብላ አበረደችው። ከዚያ ወንበር አስመጥታ ከፎቶው አጠገብ ተቀመጠች። ሲመሽ ነው ይዤያት የተመለስኩት። መንገድ ላይ ስለ ዒጋል ነገረችኝ፣ ልጅ ሆኖ ከፊራ ላይ ብርቱካን ሲሰርቅ እንዴት እንደተያዘ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ስሙን ከአፏ ከሰማሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

መስከረም 15

የሰማታር ይለፍ ወረቀት አልታደሰም። ምክንያት አልሰጡትም። ሦስት ቢሮ ዞረ፤ ዋርፋ ጋም ሄዶ ነበር። ከዋርፋ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም።

መስከረም 19

በባቡሩ መጠገኛ ቤት መደቡት። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፣ ልብሱ ዘይት በዘይት ሆኖ። ሸሚዞቹ ጅቡቲ ቀሩ፤ ሀሊሞ ላምጣልህ ብትለው አያስፈልግም አላት። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የባቡሩን ጩኸት ሲሰማ አንገቱን ያዞራል። አዝናለሁ። ከልቤ ነው የማዝነው። ግን ራት በጋራ ስንበላ ስንት ጊዜ ሆነን? እናቴ እንኳ እየወፈርሽ ነው አለችኝ።

መስከረም 24

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰማታር ፎቶ ቤት መጣ። ለአዲሱ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያስፈልገዋል። እጁን ታጥቦ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት አልለቀቀም። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ኮሌታውን አስተካከልኩለት። በትልቁ ካሜራ ላንሳህ አልኩት፣ በሙሴ ቫሃን ካሜራ። ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገባሁ። የካሜራው መስታወት ላይ ተገልብጦ ታየኝ፣ ራሱ ወደ ታች።

«ቀና በል።»

ቀና አለ። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተከለ።

«ዋርፋ ሐምሌ ላይ ነግሮሽ ነበር?» አለ።

ጨርቁ ውስጥ ይሞቃል። መውጣት እችል ነበር።

«ነግሮኝ ነበር» አልኩት።

ፊቱን አየሁት፤ ተገልብጦም ቢሆን ባሌን አውቀዋለሁ። ሊነሳ ነው ብዬ ጠበቅኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ውጪ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማል።

«አትንቀሳቀስ» አልኩትና አነሳሁት።

ከጨርቁ ወጣሁ።

«ልነሳ?» አለኝ።

«ቆይ። ምናልባት ተበላሽቶ እንደሆነ፣ አንድ ልድገም።»

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ኮሌታውን ራሱ አስተካከለና ተቀመጠ።